እማማ ሙሉጌጥን የሚሸከሙ አራት ሰዎች

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጵርስቅላ፣

የአሰላ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ተማሪዎችሽስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ዳገቱን ስወጣ ጉልበቴ ይሰድበኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለዘጋሽው አልተቀየምኩም። ተቀይሜ ነበር፣ ዓርብ ለቀቀኝ። «ከእንግዲህ በስልክ የምትነግሪኝን አላምንም፤ ጽፈሽ፣ ፈርመሽ ላኪልኝ» ማለትሽን እንዲያውም ወድጄዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሴት ወረቀት አያስፈራኝም። ይኸው በአሰላው ሚኒባስ ሹፌር እጅ ልኬልሻለሁ።

አዎ፣ የእናትሽ ቤት ጎርፍ የሚያሰጋቸው ቤቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ቤት እሱ ነው። ወረዳው ለክረምቱ የአደጋ ዝግጁነት ዕቅድ አውጥቷል፤ ይዞልን የመጣው ዮፍታሔ የሚባል ወጣት ባለሙያ ነው። ልጁ ጨዋ ነው፣ ጫማው ግን ጭቃ አይቶ አያውቅም። አርባ ሁለት ገጹን ከሽፋኑ ጀምሮ አነበበልን። «ባለድርሻ አካላት» የሚለውን መቁጠር ጀምሬ ሠላሳ ላይ ተውኩት። ሲጨርስ እጄን አወጣሁና፣ ውሃው ከእንጦጦ ሲወርድ ባለድርሻ አካሉ የማንን በር ነው የሚያንኳኳው ብዬ ጠየቅሁ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ የአካባቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው መረጡኝ። አፌን መቼ ነው የምዘጋው?

አሁን ዕቅዱ እንዲህ ነው። ላይኛው ድልድይ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ውሃው ሲያብጥ ይደውሉልናል። ጋሽ ቢራቱ የእድሩን ጥሩምባ ይነፋሉ። ሰው ቆጣሪውን አጥፍቶ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ ዳገቱን ወጥቶ ጸሎት ቤቱ ግቢ ይሰበሰባል። የጥሩምባው ሐሳብ የእኔ ነው። ያንን ድምፅ የማያውቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም፤ ተኝቶ እንኳ የሚሰማው ነው። ዮፍታሔ በጣም ወዶት ማስታወሻው ላይ አስምሮበታል።

አሰላ መሄዱን ለእናትሽ ለእማማ ሙሉጌጥ አንስቼላቸው ነበር። አርባ አንድ ዓመት ከኖርኩበት ቤት ወጥቼ የማን ጎረቤት ልሁን አሉኝ። ቤት ውስጥ በከዘራቸው ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ዳገቱን ግን እግራቸው እንደማይችለው ራሳቸውም ያውቃሉ።

እንግዲህ ፊርማ ፈልገሻል። ዕቅዱን በልምምድ እንሞክረዋለን፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ ልምምዱ ካልሠመረ፣ ሐምሌ 1 መኪና ይዘሽ መጥተሽ እናትሽን ብትወስጂ ቃል አልተነፍስም። ከሠመረ ግን ቤታቸው ይቀመጣሉ፣ አንቺም አትነዘንዢያቸውም።

አባይነሽ (ፈርሜያለሁ)


አሰላ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባይነሽ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በቀይ እስክሪብቶ ነው ያነበብኩት፤ የሙያ ጉዳይ ነው፣ አትቀየሚኝ።

ማን እንደሚደውል ጽፈሻል። ማን እንደሚነፋ ጽፈሻል። የት እንደሚሰበሰቡ ጽፈሻል። እማዬ ያንን ዳገት በማን ጀርባ እንደምትወጣ ግን አልጻፍሽም። እዚያ ላይ ትልቅ ቀይ ክብ አድርጌያለሁ።

አምና ነሐሴ ውሃው የአልጋዋን እግር ሲነካ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። ሰው ሁሉ የየራሱን ቤት ውሃ ይቀዳ ነበር፣ አልፈርድበትም። እኔ የሰማሁት በማግስቱ፣ ወለሉ ከተወለወለ በኋላ ነው። የነገርሽኝም አንቺ ነሽ፣ ያውም እየሳቅሽ። ስልኩን የዘጋሁብሽ በዘንድሮው አይደለም፣ በአምናው ነው።

ስምምነቱን ተቀብያለሁ። ሚልኬሳ መኪናውን ለሐምሌ 1 ይዞልኛል። ወንድሜ ቃሉን እንደማያጥፍ ታውቂያለሽ። የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ መግባቱን በዓይንሽ እዪልኝ።

ጵርስቅላ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጵርስቅላ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እዚህ ዝናቡ ገና አልጠናም፤ ደመናው ግን ከእንጦጦ ራስ ላይ አልነሣም ብሏል።

ስለ ልምምዱ ለጠየቅሽኝ፣ ቅዳሜ ግንቦት 30 ተካሂዷል። ሰዉ ከተጠበቀው በላይ ወጥቷል። ከቤቱ የቀረ የለም ማለት ይቻላል፤ ከጉርድ ሾላ ድረስ የመጣም ነበር። እናትሽ ደህና ናቸው፣ በዕለቱም በብዙ ሰው ተጎብኝተዋል።

ቦርሳቸውን በዓይኔ አይቻለሁ። መድኃኒታቸው፣ መታወቂያቸው፣ የቤቱ ካርታ በላስቲክ፣ ባትሪ፣ ወፍራም ሹራብ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸው አለ። መስታወትም ጨምረውበታል። ምን ይሠራልዎታል ብላቸው፣ በሰው ፊት ፀጉሬን ሳላይ ልቀመጥ ወይ አሉኝ። ቦዩንም አስጠርገናል፤ ከአንድ ትቦ ውስጥ ሁለት ፍራሽና አንድ የቴሌቪዥን ቅርፊት ወጥቷል። የማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ደብዳቤ ላይ ግን አልጽፈውም።

ጉልበቴን ስላመመኝ እዚህ ላይ ላብቃ።

አባይነሽ


አሰላ፣ ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባይነሽ፣

ሐሙስ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ክብረት ደወለችልኝ፣ የጉርድ ሾላዋ ያክስቴ ልጅ። ሁለተኛ ጊዜ ስትደውል ከክፍል ወጣሁ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። ቀብሩ ላይ ባለመገኘቷ ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነበር የደወለችው።

እናቴ አርባ ደቂቃ ሙሉ ስልክ አላነሣችም። አንቺም አላነሣሽም። ተማሪዎቼ በመስኮት እያዩኝ ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነበር። በመጨረሻ እማዬ አነሣችና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ደህና ነኝ፣ አልቅሰው ሄደዋል።»

«በብዙ ሰው ተጎብኝተዋል» ብለሽ ነበር የጻፍሽልኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ አንድም የውሸት ቃል የለም፣ እሱ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

እውነቱን በሙሉ ጻፊልኝ። ሐምሌ 1 እመጣለሁ።

ጵ.


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ጵርስቅላ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህንን መጀመሪያ ጽፌ ነው ሌላውን የምቀጥለው። እነዚያ አርባ ደቂቃዎች በእኔ ላይ ናቸው።

እውነቱ ይኸውልሽ። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ጋሽ ቢራቱ ጥሩምባውን ነፉ። ቀጥለው «ልምምድ ነው» እንዲሉ ተነግሯቸው ነበር፣ ብለዋልም። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ ጥሩምባ ሲነፋ የተነገረው ማን እንደሞተ ብቻ ነው። ሰው ጥሩምባውን ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ይሰማል? በየአጥሩ ላይ፣ ማን ነበር የታመመው ተባባሉ። ዕድሜያቸው የገፋው ማን ናቸው? እግራቸው የከዳው ማን ናቸው? አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የእናትሽ ስም ታች ሰፈርን አዳረሰ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወደ ታች ወረዱ። ወንዶቹ ከእድሩ መጋዘን ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን ተሸክመው ተከተሏቸው። የት እንደተከሉት ገምቺ። ዮፍታሔ ካርታው ላይ በቀይ ቀለም የቀባው ቦታ ላይ፣ ወንዙ ጠርዝ። እሱና እኔ ዳገቱ ላይ ጸሎት ቤቱ ግቢ ፉጨትና የስም ዝርዝር ይዘን፣ የሚወጣ ሰው እንጠብቃለን። ሕዝቡን ከውሃ ላስመልጥ ተመርጬ ሕዝቡን በሙሉ ውሃው አፍ ላይ ሰበሰብኩት። እንዲህ ያለ ሰብሳቢ የት ይገኛል?

እናትሽ ፀጉራቸውን እያበጠሩ ነበር። ስልሳ ሰው እያለቀሰ ሲገባባቸው ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ ያንቺን መርዶ ይዘው የመጡ መስሏቸው ነበር። ይህንን ያልነገርኩሽ ፈርቼ ነው። የሞቱት እሳቸው መሆናቸውን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ተመለሰ። ቁጭ በሉ ብለው ሰዉን አስቀመጡና ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን እንዳላለቀሰ አንድ በአንድ አዩት። በቦዩ ውሃ ምክንያት ለስድስት ዓመት ከእሳቸው ጋር የተኮራረፉት አቶ ዘረሰናይ የድንኳኑን ምሰሶ ይዘው ዓይናቸው ደርቆ ቆመው ነበር። ያንንም መዝግበውታል።

በሳምንቱ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እሳቸው ቤት ተሰበሰብን። እኔ ከሰብሳቢነቱ ውረጂ እስክባል ሳልጠብቅ ልወርድ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ለዮፍታሔ ያንቺን ጥያቄ አነሣሁለት፣ በማን ጀርባ የሚለውን። መውጣት የማይችሉ ዘጠኝ ሰዎች አሉን። ልጁ ዕቅዱን ገልጦ፣ እነሱ በሁለተኛው ምዕራፍ በልዩ ሁኔታ ይታያሉ አለ። እናትሽ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱት። ቃል በቃል ነው የምጽፍልሽ፦

«ቀጀላ፣ የሞትኩ ዕለት ቃሬዛውን በቀኝ የምትይዘው አንተ አይደለህም?»

ቀጀላ አዎ አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። የታች ሰፈር ሬሳ የሚሸከሙት አራቱ ተራቸው በእድሩ መዝገብ ላይ የሰፈረ ነው።

«ለሬሳዬ አራት ሰው መድባችኋል። ሬሳዬ ውሃ አይፈራም። እኔ ነኝ የምፈራው፤ ለእኔ መድቡልኝ።»

ከዚያ ቀጀላ ተነሣ፤ ሦስቱም ተከተሉት። በዚያው ስብሰባ ላይ የእድሩን ደንብ አሻሻልን። ለዘጠኙም ሰው አራት አራት ተሸካሚ ተመደበ፣ ለእያንዳንዱ ተሸካሚም ተጠባባቂ። ለተጠባባቂነት ሰው ሲያጥረን ምሥጋና የምትባል፣ ሰፈራችን ከገባች ዓመት ያልሞላት የባንክ ሠራተኛ እጇን አወጣች። ሴት ቃሬዛ ይዛ አታውቅም ብለው ያጉረመረሙ ሽማግሌዎች ነበሩ። እናትሽ፣ ሬሳ አይደለሁም አልኳችሁ እኮ ብለው ዘጉት።

ጥሩምባው ለሞት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለውሃው ቀጀላ ከሚሠራበት፣ ወሰን ሰፈር ካለው ጋራዥ የጭነት መኪና ቸርኬ አምጥቶ ወፍጮ ቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቅሎታል፤ በብረት ሲመታ ላይኛው ድልድይ ድረስ ይሰማል። መጋዘኑንም ወደ ጸሎት ቤቱ ግቢ አወጣነው። ሰዉ ድንኳኑ ወዳለበት መሄድ ልማዱ ከሆነ፣ ድንኳኑ ራሱ ዳገቱ ላይ ይሁን።

ቅዳሜ ሰኔ 21 እንደገና እንለማመዳለን። እስከዚያ ጠብቂኝ። መጠየቅ እንደማይገባኝ አውቃለሁ፣ ግን ጠየቅሁሽ።

አባይነሽ


አሰላ፣ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባይነሽ፣

የሰኔ 21ዱን ወረቀትሽን አገኘሁ። ዳገቱን ለማውጣት አሥራ አራት ደቂቃ ፈጀ ያልሽውን እማዬም አረጋግጣልኛለች፤ ለእሷ አሥራ ሁለት ነበር፣ ሁለቱ ደቂቃ የወረዳው ልጅ ሰዓቱን ሲፈልግ የጠፋ ነው ትላለች። ወደ ላይ ስትወጣ አሥር ዓመት ያላየችውን የወፍጮ ቤቱን ጣሪያ አይታ ተመለሰች። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆኖብኝ ሳላስበው አለቀስኩ።

ሚልኬሳን መኪናው ለአሁን ይቅር ብዬዋለሁ። ለአሁን ነው ያልኩት። ነሐሴ ላይ እረፍት ስወጣ እመጣና በዓይኔ አያለሁ።

የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ነው፣ ሳትሸፍኚ መልሺልኝ። ልምምድ ቀጠሮ አለው፣ ውሃ ቀጠሮ የለውም። ውሃው በመጣ ዕለት አራቱ ሰዎች ቤታቸው ባይኖሩስ?

ጵርስቅላ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጵርስቅላዬ፣

የእናትሽን ድምፅ ቅዳሜ ማታ በስልክ ሰምተሻል፣ ስለዚህ ደህና መሆናቸውን ታውቂያለሽ። ዝርዝሩን ግን በወረቀት ነው ያልሽው። ያን ሁሉ ቀን ሳልመልስልሽ የቆየሁት መልስ ስላልነበረኝ ነው። አሁን አለኝ።

አልነበሩም። ቀጀላ ጋራዥ ነበር፣ ሌላው ሠርግ ሄዷል። ከአራቱ ቤት የተገኙት ሁለቱ ናቸው።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ከላይኛው ድልድይ ተደወለ። ቸርኬው ተመታ። የእኔ ቦታ ጸሎት ቤቱ በር ላይ መዝገብ ይዤ መቆም ነው፤ ስለዚህ ታች የሆነውን አላየሁም፣ እኔ የማውቀው የወጣውን ነው። ሰዉ በዝናቡ ውስጥ በቦርሳና በጃንጥላ ወጣ። ማንም ማን ሞተ አላለም። ስልሳ ሦስት አባወራ ነው ያለን፤ ስም እየጠራሁ ምልክት አደረግሁ። ከታች ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል፣ ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ ነው። ከዘጠኙ ስምንቱ ደረሱ። ዮፍታሔ በዚያ ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አንድ አዛውንት አቅፎ ወጣ።

«ሙሉጌጥ» ብዬ ጠራሁ። መልስ የለም። ደግሜ ጠራሁ። ሰዉ ሁሉ ወደ መታጠፊያው አየ። ጵርስቅላ፣ ከዚያ ሁሉ ወረቀት በኋላ ለአንቺ የምጽፈው ይህ ሊሆን ነው ብዬ አሰብኩ።

ከመታጠፊያው ቃሬዛው ወጣ። ከፊት ሁለቱ ተሸካሚዎች። ከኋላ በግራ ምሥጋና፣ የቢሮ ጫማዋን አውልቃ። ከኋላ በቀኝ አቶ ዘረሰናይ። የቀጀላ ተጠባባቂ እሳቸው ነበሩ፣ ራሳቸው ናቸው ተመዝግበው የነበሩት፤ ለእናትሽ ግን አልነገርናቸውም ነበር፣ በእሱ ጫንቃ አልወጣም እንዳይሉን። የዘገዩት አቶ ዘረሰናይ የራሳቸውን በር ሳይዘጉ ሮጠው ሲገቡ እናትሽ አንተ አትነካኝም ብለው ስለተከራከሩ ነው። አቶ ዘረሰናይ የመለሱላቸውን ምሥጋና ነግራኛለች፦ «ላይ ስንደርስ ይቀጥሉ፣ አሁን እግርዎን ይሰብስቡ።»

እናትሽ ቃሬዛው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ ቦርሳው ጭናቸው ላይ፣ ግራውን ከፍ አድርጉ እያሉ ያዝዛሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ስማቸውን ጠራሁ። ገና ሳያወርዷቸው «አለሁ» አሉ።

ጸሎት ቤቱ ግቢ የተተከለው ድንኳን በእልልታ ተናወጠ። የእኛ እድር ድንኳኑን ለሠርግ አያውስም፤ እኔ በሕይወቴ እዚያ ሥር የሰማሁት ለቅሶ ብቻ ነው። ጋሽ ቢራቱ ጥሩምባቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ያጨበጭቡ ነበር።

የጠፋውን ላልደብቅሽ። የእናትሽ ማድ ቤት ግድግዳ ሄዷል። የአምስት ቤት ዕቃ፣ የጋሽ ቢራቱ ዶሮዎች፣ የታችኛው አጥር ሁሉ ሄዷል። ዮፍታሔ ለወረዳው የጻፈውን አሳየኝ፤ አርባ ሁለት ገጽ ያነበበልን ልጅ ግማሽ ገጽ ነው የጻፈው። የመጨረሻው መስመር «የጎደለ ሰው፦ የለም» ይላል። ሁለቴ አስነበብኩት።

ወረዳው በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ግንብ እሠራለሁ ብሎ ዛሬ ድንጋይ አራግፏል። ግንቡ እስኪያልቅ እናትሽ የእኔ ሳሎን ውስጥ ናቸው፣ ትራሴ ጠንካራ ነው እያሉ። አቶ ዘረሰናይ ትናንት ሙዝ ይዘው መጡ። ክርክሩን ቀጥለዋል።

አሁን ነይ። መኪናም ይዤ ልምጣ ካልሽ ነይ። ከእንግዲህ በፊርማ አልይዝሽም፤ እናትሽ ናቸውና።

አባይነሽ


አሰላ፣ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአባይነሽ፣

እንኳን አደረሰሽ። በደህና ገብቻለሁ። ስንለያይ ብዙ ያላወራሁት ተቀይሜ መስሎሽ ይሆናል። አይደለም።

እኔ የመጣሁት ልወስዳት ነው፤ ይህንን ታውቂያለሽ። ልብሷን ሁሉ በልቤ አጣጥፌ ጨርሼ ነበር። አንቺ ዳቦ ልትገዢ ስትወጪ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነገርኳት። አልተቆጣችም። አሰላ ውሃ የለም ወይ አለች። አለ አልኳት። እሳትስ? አለ። «እንግዲያው እዚያ የሚሸከሙኝን አራት ሰዎች ቁጠሪልኝ» አለች።

ርዕሰ መምህሩን ጠራሁ። ወገቡን ያመዋል አላልሽኝም ወይ አለች። የስፖርት መምህሩን ጠራሁ፤ እሱስ የት ነው የሚኖረው ብትለኝ አላውቅም። ሦስተኛውን ፈለግሁ፣ አባይዬ። ሦስት ዓመት የኖርኩበት ከተማ ነው። አንቺ ዳቦውን ይዘሽ ስትገቢ ገና ሦስተኛውን እየፈለግሁ ነበር።

የሚልኬሳን መኪና ባዶውን ነዳሁት። ሞጆን እስካልፍ ተናድጄ ነበር። ከሞጆ በኋላ ግን መዝሙር ከፍቼ አብሬ ጮህኩ። እናቴ በሕይወት ያለችው እኔ ስላወጣኋት አይደለም። ይህ ያሳፍረኛል ብዬ ነበር፤ አላሳፈረኝም፣ አኮራኝ። እንዲህ ያለ ሰፈር ያሳደገኝ ልጅ ነኝ።

ቅዳሜ ዕለት አዲስ ደብተር ገዝቼ የግቢያችንን በሮች ማንኳኳት ጀመርኩ። መጀመሪያ ያንኳኳሁት ከእኔ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘውን ነው። ሴትየዋን በሰላምታ አውቃታለሁ፣ ስሟን ግን አላውቅም ነበር። የሄድኩበትን ነገርኳት፤ ውሃ ወይም እሳት ቢመጣ መውጣት የማይችል ሰው ቤታችሁ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ትንሽ ዓይን ዓይኔን አየችኝና ወደ ጓዳ አስገባችኝ።

የባሏ እናት ናቸው። ከወገብ በታች አይንቀሳቀሱም። አልጋቸው ያለው ከእኔ አልጋ ራስጌ ጀርባ ነው፤ ሦስት ዓመት በአንዲት ብሎኬት ተለያይተን ተኝተናል። ማታ ማታ ስዘምር እንደሚሰሙኝ ነገሩኝ፤ አንደኛው መዝሙር ላይ ዜማውን እንደምሳሳትም ነገሩኝ። እጄን ይዘው አለቀቁኝም።

ስማቸውን ደብተሩ ላይ አንደኛ አድርጌ ጽፌያለሁ። ከሥሩ አራት መስመር አሰመርኩ፣ በመጀመሪያው ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። የስፖርት መምህሩ ሦስተኛው በር ላይ ነው የሚኖረው፤ ሁለተኛውን መስመር እሱ ሞላ። ሦስተኛው ላይ የገባው ከማዶ ያለው አናጺ ነው። ለአራተኛው ነገ ከትምህርት በኋላ እወጣለሁ።

ጵርስቅላ